ከመተማ ምጽዋ ይቀርባል ወይስ አዲስ አበባ?

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ጊዜ የሌላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማቀርባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ካርታውን ሰሌዳው ላይ እሰቅልና "ከመተማ ምጽዋ ይቀርባል ወይስ አዲስ አበባ?" እላቸዋለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዲስ አበባ!" ይላል። አንዱን አስነሣና በማስመሪያ አስለካዋለሁ። በቀጥታ መስመር አዲስ አበባ ወደ 520 ኪሎ ሜትር፣ ምጽዋ ወደ 460 ኪሎ ሜትር። ክፍሉ ይንጫጫል። "ቲቸር፣ ካርታው ተሳስቷል!" የሚልም አይጠፋም።

ካርታው አልተሳሳተም። የተሳሳተው በጭንቅላታችን ይዘነው የምንዞረው ካርታ ነው። እኛ የቆላ ሰዎች ነን፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ እናውቃለን፤ ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት እናውቃለን። ባሕርን ግን የምናውቀው በሦስት መንገድ ብቻ ነው። በዜና "ወደብ" ሲባል፣ በታሪክ መጽሐፍ ጦርነት ሲነገር፣ በየቤታችን ደግሞ የሊቢያ መንገድ ሲነሣ። ካስተማርኳቸው ልጆች ሁለቱ ሜዲትራኒያን ላይ ቀርተዋል። የአንዱ እናት ዛሬም ገበያ ላይ ስታገኘኝ "ጋሼ፣ ባሕር ስፋቱ ስንት ነው?" ትለኛለች። የማስተምረው ታሪክ ነው፤ ለእሷ የሚሆን መልስ ግን የለኝም።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ አራተኛው ባሕር ነው። እሱን ያሳየኝ ደግሞ ተማሪዬ ነው።

ስሙን አልጠቅስም፤ የምጽፈውም አስፈቅጄው ነው። አሥረኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። አንድ ዓመት ሰሊጥ ሲያጭድ ከረመና አንድ ቀን ጠፋ። በገላባት፣ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ ነበር ሐሳቡ። ገንዘቡ ካርቱም ላይ አለቀበት። ሥራ ፍለጋ ፖርት ሱዳን ወረደና፣ ቱሪስቶችን ይዛ ለጠለቃ ባሕር ላይ በምታድር አንዲት መርከብ ላይ ሳህን አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ፤ በኋላም የወጥ ቤት ረዳት ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። ቱሪስት ቀረ፣ መርከቧም ቆመች። እሱም በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ፣ በዚያ ወቅት በመተማ በኩል ሲጎርፍ ካያችሁት ሕዝብ ጋር አገሩ ገባ።

ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ምን አለኝ መሰላችሁ? "ቲቸር፣ ኮራል ሪፍ አየሁ። እርስዎ ያስተማሩን ሁለት መስመር ነበረች" ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ሁለት መስመር ነበረች። እሱ ግን ሁለት ሰዓት አወራኝ።

አንድ ቀን እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲያርፉ፣ አስጎብኚው መነጽሩንና ስኖርክል የሚሏትን መተንፈሻ ቱቦ ሰጠው። ዋና ከልጅነቱ ጓንግ ወንዝ ላይ ተምሯል። "ግን ቲቸር፣ ጓንግ ውስጥ ዓይንዎን ቢገልጡ የሚያዩት ጭቃ ነው።" መነጽሩ ጉም እንዳይዘው ውስጡን ምራቅ ቀብቶ አለቀለቀው፤ ቱቦዋን ነክሶ በአፉ ብቻ መተንፈስ ተለማመደ። መጀመሪያ ሁለቴ ጨው ውሃ ጠጣ። ሦስተኛው ላይ ተረጋጋና ፊቱን አጠለቀ።

"ከላይ ሰማያዊ ጨርቅ የተነጠፈ ነው የሚመስለው። ሥሩ የገበያ ቀን ነው" አለኝ። ቢጫ ዓሣ፣ ጥቁርና ነጭ ሽንትር ያለው ዓሣ፣ እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ ኮራል፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የተንጨፈረረ ኮራል። ከሁሉ የገረመው ድምፁ ነው። አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር የሆነ ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ እንደ ቆሎ ሲቆረጠም ይሰማል። ያ ዓሣ የጋጠውን ድንጋይ ፈጭቶ በኩሱ መልሶ ያወጣዋል፤ ከባሕሩ ዳር ነጭ አሸዋ አንዱ ክፍል የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለማታውቁት፣ ኮራል ድንጋይ ብቻ አይደለም፣ ተክልም አይደለም። ከጥፍር የማይበልጡ እልፍ አእላፍ እንስሳት አንድ ላይ ሆነው፣ ከባሕር ውሃ ኖራ እያወጡ የሚሠሩት ቤት ነው። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ምግብ እየሠሩ ያበሏቸዋል፣ እነሱም መጠለያ ይሰጧቸዋል። ስለዚህ ኮራል ሪፍ የሚያድገው ሞቃት፣ ጥልቀቱ ያነሰና ብርሃን የሚያሳልፍ ጥሩ ውሃ ባለበት ነው። ብዙ ጊዜም ከየብስ አጠገብ።

ከእንግዶቹ አንዱ ያመጣት አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የፕላስቲክ ጀልባ ነበረች፤ ካያክ ትባላለች። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ፣ ከሪፉ በስተ ውስጥ ባለው እርጉ ውሃ ላይ ይቀዝፍባት ነበር። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የራሱን ጥላ ወለሉ ላይ ያያል። "አየር ላይ የምሄድ ነበር የሚመስለኝ።" እንደ ጣና ታንኳ ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ታንኳ እንጨትም እህልም ትጭናለች፤ ይቺ ሰው ብቻ ነው የምትሸከም። ታንኳን የሚመስለው የሱዳን ዓሣ አጥማጆች ሁሪ ነው" አለኝ። ሁሪ አንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ ጠባብ ጀልባ ነው። የቀይ ባሕር ሉል ጠላቂዎች ትልቁን ሳምቡክ አቁመው በሪፉ ላይ የሚንሸራሸሩት በእሱ ነበር። ከሥሩ መስታወት የተገጠመለት ቆርቆሮ ውሃው ላይ ያስቀምጡና ወለሉን ያያሉ። ፈረንጅ ካያክና መነጽር ሳያመጣ በፊት ካያኩም መነጽሩም እዚያው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቲቸር፣ አንድ ቀን ከጉልበት በማይበልጥ ውሃ ላይ ተንሳፍፌ እየሄድኩ ድንገት ወለሉ ጠፋ። ሪፉ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር። መነጽር ስላለኝ አየሁት። ልጆቹን አሰብኳቸው። እነሱ ማታ ነው የሄዱት፣ ምንም አላዩም። ሊቢያን የተውኩት ያን ቀን ነው።"

ሻዩ ቀዘቀዘ። ምንም አላልኩትም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ታሪክ አስተማሪው ባሕርን ለእነዚህ ልጆች የነገርኳቸው እንደ ድንበር፣ እንደ ወደብና እንደ ውል ብቻ ነበር። መጻሕፍቴን ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ይኸው፤ የመተማና የዚያ ሪፍ ታሪክ ካሰብኩት በላይ የተሳሰረ ነው።

ከሩቁ እንጀምር። ከምጽዋ በስተ ደቡብ፣ ዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር አብዱር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ድሮ ባሕር ውስጥ የነበረ፣ አሁን ከየብስ ላይ የቀረ የኮራል ሪፍ አለ። ተመራማሪዎች በዚያ ሪፍ ውስጥ ከዛጎል ጋር የተቀበሩ የድንጋይ መሣሪያዎች አገኙ። ዕድሜው 125,000 ዓመት ገደማ። ኔቸር በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ሰው በባሕር ዳር ከሪፍ ምግብ ሲለቅም ከታዩት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ኑ። እዚሁ ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ሺንፋ-መተማ 1 የተባለ የቁፋሮ ቦታ አለ። ግኝቱ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በዚያው በኔቸር ወጣ። የዛሬ 74,000 ዓመት፣ የኢንዶኔዥያው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ እዚህ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በጋው ሲጠና ወንዙ ተቆራርጦ ከቀረባቸው ኩሬዎች ዓሣ እያወጡ በልተዋል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ባሉ በበጋ የሚቆራረጡ ወንዞች ላይ፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተከተለ ሊሆን ይችላል። አስቡት እንግዲህ፤ ልጆቻችን በበጋ ሽንፋ ላይ የሚያደርጉት ዓሣ ማጥመድ የ74,000 ዓመት ሥራ ነው!

ወደ አክሱም ዘመን ስንመጣ፣ የአዱሊስ ወደብ እዚያው ዙላ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች ዓሣ በል የሚላቸው ሰዎች የባሕር ኤሊ ልባስ ያመጡ እንደነበር ይናገራል። ደሴቶቹ የዛሬው ዳህላክ ናቸው፤ ከመቶ በላይ ደሴቶች፣ ዙሪያቸውን ኮራል። የባሕር ኤሊ የሚውለው ሪፍ አካባቢ ነው፤ ያዢውም ሪፉን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው። ከአዱሊስ ታሪክ እነዚያን ሰዎች አስተምረን እናውቃለን? እኔ አላስተማርኩም። ንጉሡን፣ ሳንቲሙን፣ መርከቡን ነው ያስተማርኩት።

ቀጥሎ የመጡት ፈረንጆች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ዳህላክን አይቶ በምጽዋ ገባ፣ ጎንደር ከረመ። ሲመለስ በየት ወጣ? በእኛ ቆላ! ያኔ ራስ አልፊል በሚባለው፣ በዛሬው የመተማ አካባቢ አድርጎ ነው ወደ ስናር የወረደው። ሄምፕሪክ የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ፤ ጓደኛው ኤረንበርግ አገሩ ተመልሶ ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች እ.ኤ.አ. በ1834 ጻፈ። ከሁሉ የሚገርመኝ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የቀይ ባሕርን ዓሦች አንድ በአንድ እያሣለ ያሳተመው እሱ ነው። ያው ሰው በምጽዋ በኩል ሰሜንን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ገባ። ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። የጣና ዓሦችንም ገልጿል።

ለሩፔል ሪፉና የሰሜን ተራራ የአንድ ጉዞ ሁለት ጫፎች ነበሩ። ለእኛ ግን ዋልያ የአገር ኩራት ሆኖ በየሆቴሉ ግድግዳ ሲሰቀል፣ ሪፉ ላይ ያለው ዓሣ በአማርኛ ስም እንኳ አልወጣለትም። በዚያው በዳህላክ የሚጠልቁት ሰዎች በየቋንቋቸው ስም አውጥተውለታል፤ እኛ አልጠየቅናቸውም።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ታሪክ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም አረፉ። ከተማችንም መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእሳቸው ነው። ግን ለምን መተማ መጡ? መልሱ ባሕሩ ዳር ይጀምራል።

ምጽዋ ራሷ የኮራል ደሴት ናት፤ የድሮ ቤቶቿም ከኮራል ድንጋይ ተፈልጠው የተሠሩ ናቸው። በግብፅ እጅ ነበረች። በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ እንግሊዙ አድሚራል ሂዌት፣ አፄ ዮሐንስና የግብፅ ወገን ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ በምጽዋ በኩል ዕቃዋን፣ መሣሪያም ጭምር፣ በነፃ ታስገባለች፤ በምላሹ መሐዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በእሷ በኩል እንዲወጡ ትረዳለች። ከሚወጡት ሰፈሮች አንዱ የት ነበር? ገላባት! ከኬላችን ማዶ ያለችው ገላባት። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። በ1877 ዓ.ም. ግን ጣሊያን፣ እንግሊዝ ዓይኗን ጨፍና እያየች፣ ምጽዋ ገባ። ለንጉሠ ነገሥቱ የቀራቸው የመሐዲስቶች ቂም ነው። ጎንደር ተቃጠለች፣ እሳቸውም ወደ መተማ ዘመቱ።

ዋጋው መተማ ላይ ተከፈለ፤ የተከፈለበት ግን የኮራል ደሴቲቱ ነበረች። ለ15 ዓመት የመተማን ጦርነት ሳስተምር እነዚህን ሁለት ቦታዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ በመስመር አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 1940 ኡምብሪያ የምትባል የጣሊያን መርከብ ከ5,000 ቶን በላይ ቦምብ ጭና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስትጓዝ፣ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን አጠገብ አቆሟት። ጣሊያን ጦርነት ማወጇ ሲሰማ፣ ካፒቴኑ መርከቧ በጠላት እጅ እንዳትገባ ብሎ ከወደቡ ፊት ለፊት ካለው ሪፍ ላይ አሰጠማት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ገላባትና መተማ ላይ እንግሊዝና ጣሊያን ተዋጉ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች የእንግሊዝን ጦር ክፉኛ ደበደቡት። ያ ሁሉ ቦምብ ምጽዋ ደርሶ ቢሆን በእኛ ቆላና በአርበኞቻችን ላይ ምን ይወርድ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ ኦስትሪያዊው ጠላቂ ሃንስ ሃስ መርከቧን ውሃ ውስጥ አያት። ተማሪዬ የሠራባት መርከብም እንግዶቿን ወደ ኡምብሪያ ትወስድ ነበር። ኮራል በቅሎባታል፣ ቦምቡ ግን ዛሬም ውስጧ ነው።

ተማሪዬ ሌላ ነገርም ነግሮኝ ነበር። ሻዕብ ሩሚ በሚባል ሪፍ ላይ "ውሃ ውስጥ ቤት አየሁ" ሲለኝ ሙቀት የመታው መሰለኝ። እውነት ሆኖ ተገኘ! ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያ ውሃ ሥር ቤት ሠርቶ አምስት ሰዎች 10 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ወር ኖረዋል። በዚያ የሠራው ፊልም ኦስካር አግኝቷል። የዕቃ ቤቱ ቅሪት ዛሬም አለ።

"እኛስ ያኔ ባሕር ነበረን አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። ነበረን። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 መጨረሻ፣ አንድ የጣሊያን ጠላቂዎች ጓድ ዳህላክ ወርዶ ለወራት ሠራ፤ ፎልኮ ኩዊሊቺ ከዚያ "ስድስተኛው አህጉር" የተባለ ፊልም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች እንተደብር በተባለችው የዳህላክ ደሴት ሰፍረው ዓሣውንና ኮራሉን መዘገቡ። እኛ በዚያው ዘመን የባሕር ኃይል አቋቋምን፣ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ከፈትን፣ በ1962 እ.ኤ.አ. "ኢትዮጵያ" የተባለችውን መርከብ ከአሜሪካ ተረከብን። የሚያኮራ ነው፣ አላጣጥለውም። የፈለግነው ግን በውሃው ላይ መሄድ ነበር እንጂ ውሃውን ማየት አልነበረም።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እዚሁ ከተማችን በደርግ ጊዜ ምጽዋ ያገለገሉ አንድ አዛውንት አሉ። ሄጄ "ጋሼ፣ ኮራሉን አይተውታል?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "ልጄ፣ ሰባት ዓመት ምጽዋ ኖሬያለሁ። የምናየው ከሩቅ ነበር፣ መርከብ ይመጣል ብለን። ወደ ታች አይቼ አላውቅም" አሉኝ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከምጽዋ ጦርነት በሕይወት የወጡ ሰው ናቸው። "ወደ ታች" የምትለዋን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አልቻልኩም፤ ታች የቀሩ ጓዶች ይኖሯቸዋል።

አንድ የጂኦግራፊ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የቀይ ባሕር ሪፍ ይህን ያህል ከየብስ ተጠግቶ ያደገው ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምክንያት ወንዝ የማይገባበት ባሕር መሆኑ ነው ለማለት ይቻላል። ጭቃ ኮራልን ያፍነዋል፣ ብርሃኑንም ይጋርድበታል። የእኛ ደጋ ደግሞ ያዘመመው ወደ ምዕራብ ነው። ጓንግና ሽንፋ ክረምት ላይ አፈራችንን ጠርገው ወደ ዓባይ ይወስዱታል እንጂ ወደ ቀይ ባሕር አንዲት ማንኪያ አይጥሉም። ጓንግ ወደ ምሥራቅ ቢፈስ ኖሮ ያ የጠራ ውሃ እንዲያ ባልጠራ ነበር። ተማሪዬ "ጓንግ ውስጥ ዓይንዎን ቢገልጡ ጭቃ ነው" ያለው ጭቃና "ጥላዬን አየሁ" ያለው ውሃ የአንድ ተዳፋት ሁለት ወገን ናቸው። ይህን ስነግረው በጣም ነው የሳቀው።

ይህን የምጽፈው ስለ ወደብ ለመከራከር አይደለም፤ የሰው አገርም አልመኝም። ምጽዋና ዳህላክ የኤርትራ ናቸው፣ ሳንጋኔብና ሻዕብ ሩሚ የሱዳን። ለማየት ግን ባለቤት መሆን አያስፈልግም፤ ሩፔልም ባለቤት አልነበረም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን ባሕርን የሚያውቁት ሊሻገሩት ሲነሡ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ትምህርታቸው የመጨረሻቸው ይሆናል። ሁለቱ ልጆቼ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንዱ ግን ቀን በብርሃን፣ ፊቱን አጥልቆ፣ ወለሉ የት እንደሚያልቅ አየና ተመለሰ።

ዘንድሮ ትምህርቱን ቀይሬዋለሁ። ከማስመሪያው ጥያቄ በኋላ ያን ልጅ ክፍል አምጥቼው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አወራላቸው። ሰሌዳው ላይ ሪፉን ሣለው፤ ጥልቀት የሌለውን ውሃ፣ የኮራሉን ጫፍ፣ ከዚያ ገደሉን። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ከገደሉ በኋላስ ምን አለ?" አለችው። "እሱን እኔም አላየሁም፤ አንቺ ተምረሽ ንገሪን" አላት። ክፍሉ አጨበጨበ።

ምጽዋ የኖራችሁ፣ በባሕር ኃይል ያገለገላችሁ፣ ፖርት ሱዳን ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ። የሱዳንን መንገድ የሚያስብ ታናሽ ወንድም ያላችሁ ደግሞ ይህን አስነብቡት።

መልካም ምሽት፣ ከመተማ።